ማንን ልጠይቅ? ኢንተርኔት የሌለው ሰርቨር ላይ መልስ ስለማግኘት

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አንድ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ሊኑክስ ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። የምንጠቀምበት ኡቡንቱ ሰርቨር ለደህንነት ሲባል ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም። ስልክ ይዞ ሰርቨር ክፍል መግባትም አይፈቀድም። ስለዚህ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ጎግል አደርግና ትዕዛዙን ወረቀት ላይ ጽፌ እገባለሁ። አንዲት ፊደል ከሳትኩ ተመልሼ እወጣለሁ። ማን የሚባለውን፣ የትዕዛዞችን መመሪያ የሚያሳየውን ትዕዛዝ ሞክሬው ነበር። ፎልደር ስለሚቀይረው ሲዲ ስጠይቀው የለም አለኝ። ፋይሎችን አንድ ላይ ስለሚያሽገው ታር ስጠይቀው ደግሞ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ ዘረገፈብኝ። መውጫው ስለጠፋኝ ተርሚናሉን ዘጋሁት። አሁን ደግሞ አለቃዬ በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ባክአፕ የሚወስድ ክሮን፣ ማለትም በሰዓቱ በራሱ የሚነሳ ሥራ፣ አዘጋጂ ብሎኛል። ከማሽኑ ከራሱ መልስ የማገኝበት መንገድ አለ?»

መልስ፦

እህቴ፣ አለ። የምትፈልጊው መልስ አሁንም እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ነው ያለው። ፕሮግራሞቹ ሲጫኑ መመሪያቸውም አብሯቸው ተጭኗል። የጎደለሽ የትኛውን ጥያቄ ለማን እንደምታቀርቢ ማወቅ ብቻ ነው። ማን ስል በሁለቱም ትርጉሙ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን እዚህ በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው። ኪቦርዱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ፣ በትንሹ ፊደል ነው የሚጻፉት። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ሲደርስ እነግርሻለሁ። አሳሳች የሆነውንም ፊደል በፊደል እቆጥርልሻለሁ።

ከመውጫው እንጀምር፤ መውጫውን የማያውቅ ሰው ለመግባትም ይፈራል። ማን ብለሽ ስትጠይቂ የሚመጣውን ጽሑፍ የሚያሳይሽ ሌስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ከእሱ የምትወጪው ኪውን በመጫን ነው። ኤንተር እንኳን አያስፈልገውም። ስፔስ አንድ ገጽ ወደ ታች ይወስድሻል፣ ቢ ደግሞ ወደ ላይ ይመልስሻል። ትንሿ ጂ ወደ መጀመሪያው፣ ትልቋ ጂ ወደ መጨረሻው ታደርስሻለች። የቀረውን ራሱ እንዲነግርሽ ኤችን ተጫኚ።

ከሁሉም በላይ ግን ስላሽን አጥብቀሽ ያዢ። ስላሽ ተጭነሽ፣ የምትፈልጊውን ቃል ጽፈሽ፣ ኤንተር ስትይ ቃሉ ወዳለበት ይዘልልሻል። ኤን ቀጣዩን ያሳይሻል፣ ትልቋ ኤን ያለፈውን። ማንዋል ከላይ እስከ ታች የሚነበብ ነገር አይደለም። እኔ ራሴ የብዙዎቹን ማንዋል ሙሉውን አንብቤ አላውቅም። እንደ መዝገበ ቃላት ነው የምከፍተው። የሚያስፈልገኝን ፈልጌ፣ ሁለት አንቀጽ አንብቤ፣ እወጣለሁ። ያ ማለቂያ የሌለው የታር ጽሑፍ ከዚህ በኋላ አያስፈራሽ።

አሁን ወደ ሲዲ እንምጣ። ማን ሲዲ ስትይ የለም ያለሽ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። አብዛኞቹ ትዕዛዞች ዲስኩ ላይ የተቀመጡ ራሳቸውን የቻሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ሲዲ ግን እንደዚያ አይደለም። የምትጽፊበት ሼል፣ ማለትም ባሽ፣ በሆዱ የያዘው ትዕዛዝ ነው። የራሱ ፋይል ስለሌለው ኡቡንቱ ላይ የራሱ ማንዋልም የለውም። እንዲህ ያሉትን የምትጠይቂው በሄልፕ ነው። ሄልፕ ሲዲ በይውና አጭር መግለጫ ይመጣልሻል። ሄልፕ ብለሽ ብቻ ኤንተር ብትይ ደግሞ ባሽ በውስጡ የያዛቸውን ትዕዛዞች በሙሉ ይዘረዝርልሻል።

ታዲያ የትኛው ትዕዛዝ የሼሉ እንደሆነ፣ የትኛው ራሱን የቻለ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ለዚህ ታይፕ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ፣ ኢ። ታይፕ ሲዲ ስትይው የሼሉ የራሱ ነው ይልሻል። ታይፕ ታር ስትይው ፋይሉ ያለበትን መንገድ ይነግርሻል። ታይፕ ኤልኤስ ስትይው ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የቅጽል ስም እንደሆነ ታያለሽ። ከጀርባው የቀለም ኦፕሽን የተጨመረበት ኤልኤስ አለ። ከታይፕ ቀጥሎ ሰረዝ ኤ ጨምረሽ ስለ ኤኮ ጠይቂው። ኤኮ ሼሉ ውስጥም ዲስኩ ላይም እንዳለ ያሳይሻል። አንቺ ኤኮ ብለሽ ስትጽፊ የሚሠራው የሼሉ ነው። ማን ኤኮ ስትይ የምታነቢው ግን የዲስኩን ነው። ማንዋሉም ይህንኑ አይደብቅም፤ ሼልሽ የራሱ ኤኮ ሊኖረው ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። «ማንዋሉ ያለውን አደረግኩ፣ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እኔ አዲስ ሰው ሳሠለጥን ከማን በፊት ታይፕን የማስተምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ራሱን የቻለ ፕሮግራም ከሆነ ሁለት በር አለሽ። አጭሩ በር ከትዕዛዙ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝና ሄልፕ መጻፍ ነው። የዲስኩን ባዶ ቦታ ለሚያሳየው ለዲኤፍ፣ ዲኤፍ --ሄልፕ እንደማለት። አንድ ኦፕሽን ብቻ ለማስታወስ ይህ ይበቃል። ጽሑፉ ረዝሞ ስክሪኑን ካለፈብሽ ከኋላው ቀጥ ያለችውን መስመር ጨምረሽ ወደ ሌስ ላኪው፤ ታር --ሄልፕ | ሌስ። ከዚያ ስላሹም ኪውም እንደ ተማርሽው ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው ሄልፕ ለማለት አንድ ሰረዝና ኤች ይጽፋል። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ይሠራል። ሁሉም ላይ ግን ሄልፕ ማለት አይደለም። ዲኤፍ ላይ ሰረዝ ኤች ማለት መጠኑን ሰው በሚረዳው መልክ፣ በሜጋና በጊጋ አሳየኝ ማለት ነው። ይህ ጉዳት የለውም። ሹትዳውን ላይ ሲሆን ግን ማሽኑን አጥፋው ማለት ነው! በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሆነሽ «እስቲ ሹትዳውን እንዴት ነው የሚሠራው» ብለሽ ሰረዝ ኤች ብትጨምሪ፣ አሁን ባለው ኡቡንቱ ላይ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ ይጠፋል። ቶሎ ከነቃሽ ሹትዳውን ሰረዝ ሲ ያስቀረዋል። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ግን ይህንን ማስታወስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለማታውቂው ትዕዛዝ ሁልጊዜ ሙሉውን፣ ሁለት ሰረዝ ሄልፕን ተጠቀሚ። ከዚያም የሚሻለው ማን ነው፤ ማን ትዕዛዙን ሳያስነሳ መመሪያውን ብቻ ነው የሚያነበው።

ሁለተኛው በር እንግዲህ ማን ነው። ያንኑ ያስፈራሽን ታር አብረን እንክፈተው። አንድ የታመቀ ባክአፕ አለሽ እንበል። ይዘቱን አሁን ያለሽበት ፎልደር ላይ ሳይሆን ሌላ ፎልደር ውስጥ መዘርገፍ ፈለግሽ። ማን ታር ትያለሽ። ስላሽ ተጭነሽ ዳይሬክተሪ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ። ብዙ ቦታ ያገኛል። ኤንን እየተጫንሽ ስትሄጂ «ትልቁ ሲ፣ ወይም --ዳይሬክተሪ» የሚል መስመር ላይ ትደርሻለሽ። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደዚያ ፎልደር ይሄዳል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቁም ነገር አለ። ይህ ኦፕሽን የተቀመጠበት ቦታ ለውጥ ያመጣል፤ የሚነካው ከእሱ በኋላ የሚመጡትን ነው። ከኢንተርኔት የሚገለበጡ አጫጭር መልሶች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

አሁን ወረቀትሽን አስቢው። በእጅ ሲጻፍ ትንሹ ሲና ትልቁ ሲ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው መጠናቸው ብቻ ነው። ለታር ግን ትልቁ ሲ ወደ ፎልደሩ ሂድ ማለት ነው፣ ትንሹ ሲ አዲስ ማህደር ፍጠር ማለት ነው። ለመዘርገፍ ብለሽ ከኤክስ ጋር ትንሹን ሲ ብትጽፊ ታር ሁለቱን አንድ ላይ አልቀበልም ብሎ ይመልስሻል። ይህ እንኳን ደግ ነው። በኤክስ ቦታ ሲን ብትጽፊና ከኋላው የፋይል ስም ቢኖር ግን፣ ነባሩ ባክአፕ ላይ አዲሱን ይጽፍበታል። አሮጌው አይመለስም። እዚያው ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር አይተሽ መጻፍ ከወረቀት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ፍለጋ ላይ አንድ ተጨማሪ ዘዴ ልስጥሽ። አንድ ኦፕሽን የሚብራራበትን ቦታ በቀጥታ ለማግኘት ስትፈልጊ፣ ከስላሹ ቀጥሎ የቆብ ምልክቷን ጻፊ፤ 6 ቁጥር ላይ ሺፍት ይዘሽ የምታገኚያት ናት። ቀጥሎ አንድ ስፔስ፣ ቀጥሎ ኮከብ፣ ከዚያ ሰረዝና ፊደሉ። ትርጉሙ «መስመሩ በባዶ ቦታ ጀምሮ ወዲያው ይህ ኦፕሽን የሚመጣበትን አሳየኝ» ነው። ጽሑፉ መሀል በምሳሌ የተጠቀሰውን ሁሉ ያልፍልሻል። መጀመሪያ ላይ እጅ አይለምደውም። ከለመደ በኋላ ግን ረጅሙ የባሽ ማንዋል ራሱ ያጥርልሻል።

ማንዋሉ አናት ላይ ሲኖፕሲስ የሚል ክፍል አለ። ጀማሪ ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው፤ ቅንፍና ነጥብ ስለሚበዛበት። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የሲፒን አንዱን መስመር እንይ።

ሲፒ [ኦፕሽን]... ሶርስ... ዳይሬክተሪ

አራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለ ነገር ቢቀርም ይቀራል። ከቅንፍ ውጪ ያለ ግን ግዴታ ነው። ሦስት ነጥብ ማለት ከአንድ በላይ መደርደር ይቻላል ማለት ነው። ሌላ ቦታ በሁለት ነገር መሀል ቀጥ ያለች መስመር ካየሽ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ መስመር ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ ኦፕሽን ካለሽ ጨምሪ፣ የሚገለበጡትን ፋይሎች የፈለግሽውን ያህል ደርድሪ፣ መጨረሻ ላይ ፎልደሩን ጻፊ። ከአንድ በላይ ፋይል ስትገለብጪ መጨረሻው ፎልደር መሆን እንዳለበት ከዚህች መስመር ብቻ ገባሽ። ከሲኖፕሲስ ሌላ ወደ ታች ወርደሽ ኤግዛምፕልስ የሚል ክፍል ካለ ፈልጊ፤ ምሳሌ ማለት ነው። ሁሉም ማንዋል ላይ የለም። ሲኖር ግን ትልቅ ዕረፍት ነው። መጨረሻ አካባቢ ያለው ሲ ኦልሶ ደግሞ ተዛማጅ ማንዋሎችን ይጠቁምሻል።

እዚህ ሲ ኦልሶ ላይ ከትዕዛዙ ስም አጠገብ በቅንፍ ቁጥር ታያለሽ። 1፣ 5፣ 8 የሚሉ። ይህ የክፍል ቁጥር ነው፤ ታሪኩም ከዩኒክስ ልደት ጋር የተያያዘ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲሠሩ የመጀመሪያውን ማንዋል በኖቬምበር 3 ቀን 1971 አወጡ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1964 መሆኑ ነው። በክፍል የተከፋፈለው ያኔውኑ ነው፤ አንደኛው ተጠቃሚው የሚጽፋቸው ትዕዛዞች፣ አምስተኛው የፋይሎች አጻጻፍ ሥርዓት። ዛሬም እነዚህ ሁለቱ ቁጥራቸው ያው ነው። በግስ የሚለውም ክፍል ያኔ ነበረ፤ የፕሮግራሙን ጉድለት ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚናገሩበት። ይህን ልማድ በጣም እወደዋለሁ። ዛሬ ሊኑክስ ላይ ስምንተኛው ክፍል የሲስተም አስተዳዳሪ ትዕዛዞች የሚገኙበት ነው። ለሥራሽ 1፣ 5 እና 8 ይበቁሻል።

ቁጥሩ የሚጠቅመው አንድ ስም ሁለት ክፍል ውስጥ ሲገኝ ነው። ለአንቺ ደግሞ ዋናው ምሳሌ ክሮንታብ ነው። ዋትኢዝ ክሮንታብ ብለሽ ጠይቂ፤ ደብሊው፣ ኤች፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤስ፣ አንድ ላይ። ሁለት መስመር ይመጣል፤ አንዱ 1፣ አንዱ 5። ማን ክሮንታብ ብቻ ካልሽ የሚከፈተው 1 ነው። እሱ የሚነግርሽ ትዕዛዙን ነው፤ በሰረዝ ኢ ይታረማል፣ በሰረዝ ኤል ይታያል፣ በሰረዝ አር ይሰረዛል። ልብ በይ፣ ኢና አር ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ሰረዝ አር ደግሞ «እርግጠኛ ነሽ ወይ» ብሎ አይጠይቅም፤ ያለሽን የክሮን ዝርዝር በሙሉ ያጠፋዋል። ያው ማንዋል ከታች ሰረዝ አይ የሚባል ኦፕሽን አለው። ከአር ጋር ስትጨምሪው ከመሰረዙ በፊት ይጠይቅሻል።

መስመሩ እንዴት እንደሚጻፍ የሚነግርሽ ግን 5ኛው ነው። ማን 5 ክሮንታብ በይ። አምስት ቦታዎች አሉ፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። አሁን የአለቃሽን ትዕዛዝ እንመልከት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎሻል። ማሽኑ የእኛን ሰዓት አያውቅም። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፣ ከ0 እስከ 23። የእኛ ከሌሊቱ 8 ለእሱ 2 ነው። ስለዚህ መጀመሪያው እንዲህ ይሆናል፦

0 2 * * *

ከዚያ ቀጥሎ የሚሠራው ትዕዛዝ ይመጣል። 8 ብለሽ ብትጽፊ ባክአፑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሰው ሁሉ ቢሮ ገብቶ ሥራ ሲጀምር ማለት ነው። ሰርቨሩ ለምን እንደተንቀራፈፈም ማንም አይገባውም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አረጋግጪ። ታይምዴትሲቲኤል የሚለውን ትዕዛዝ ጻፊ፤ ታይምዴት ከሚለው ቀጥሎ ሲ፣ ቲ፣ ኤል። ሰርቨሩ በየትኛው የሰዓት ክልል እንደተስተካከለ ያሳይሻል። ብዙ ሰርቨር በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይተዋል። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሰርቨርሽ ዩቲሲ ላይ ከሆነ ለእሱ የምትጽፊው 2 ሳይሆን 23 ነው። የወሩ ቀንና ወሩም በፈረንጆቹ ነው። አለቃሽ ነገ ደግሞ «በየወሩ በ1 ቀን» ቢልሽ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂው። በእኛ ከሆነ አንድ የክሮን መስመር ብቻውን አይወጣውም።

ማን 5 ክሮንታብ ላይ ሳለሽ ሁለት ነገሮችን በስላሽ ፈልጊልኝ። አንደኛው የፐርሰንት ምልክት ነው። ክሮን ውስጥ ፐርሰንት ተራ ምልክት አይደለም፤ አዲስ መስመር ተብሎ ነው የሚተረጎመው። የባክአፑ ስም ላይ ቀን ለመጨመር ዴት የሚለውን ትዕዛዝ ከተጠቀምሽ ፐርሰንት መጻፍሽ አይቀርም። ተርሚናሉ ላይ ስትሞክሪው ያለ ችግር ይሠራል። ክሮን ውስጥ ስታስገቢው ትዕዛዙ መሀሉ ላይ ይቆረጣል፣ ባክአፕም አይኖርም። መፍትሔው ከፐርሰንቱ በፊት ወደ ኋላ ያጋደለውን ስላሽ ማድረግ ነው። ወይም ትዕዛዙን በሙሉ አንድ ስክሪፕት ውስጥ አስቀምጠሽ ክሮኑ ስክሪፕቱን ብቻ እንዲጠራ አድርጊ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለማረምም ለመሞከርም ይቀላል። ሁለተኛው የምትፈልጊው ነገር የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን አብረው ሲሞሉ የሚሆነው ነው። ሰው ሁለቱም ሲገጥሙ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። ማንዋሉ ግን ከሁለቱ አንዱ ከገጠመ ይሠራል ይላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የትዕዛዙን ስም ስታውቂ ነው። ስሙን ካላወቅሽውስ? ለዚህ አፕሮፖስ አለ፤ ኤ፣ ፒ፣ አር፣ ኦ፣ ፒ፣ ኦ፣ ኤስ። ከከበደሽ ማን ሰረዝ ኬ ያው ነው። አንድ ቃል ትሰጪዋለሽ፤ ስማቸው ወይም የአንድ መስመር መግለጫቸው ላይ ያ ቃል ያለባቸውን ማንዋሎች ይሰበስብልሻል። ችግሩ ቃሉ የማንዋሉ ጸሐፊ የተጠቀመበት ቃል መሆን አለበት። ዲስክ ብለሽ ብትጠይቂ ዝርዝሩ ይበዛብሻል። ስፔስ ዩሴጅ የሚለውን ሁለት ቃል በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ብትጠይቂ ግን ዲኤፍና ዲዩ ይመጡልሻል። ስኬጁል ብትይ ክሮን ይመጣል። ዝርዝሩ ሲበዛ ሰረዝ ኤስና የክፍሉን ቁጥር ጨምሪ፤ አፕሮፖስ -ኤስ 1 ኮፒ ብትይ የተጠቃሚ ትዕዛዞችን ብቻ ያወጣል። ምንም አላገኘሁም ብሎ ደጋግሞ ከመለሰልሽ ማውጫው አልተዘጋጀ ይሆናል። ሱዶ ማንዲቢ ብለሽ አንዴ አሠሪውና እንደገና ሞክሪ። ማውጫውን እዚያው ካሉት ማንዋሎች ነው የሚሠራው፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ከማን ውጪ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ /ዩኤስአር/ሼር/ዶክ የሚለው ፎልደር ነው። ለተጫነው ፕሮግራም ሁሉ በስሙ አንድ ፎልደር አለ። አንዳንዱ ውስጥ ኤግዛምፕልስ የሚል ንዑስ ፎልደር ታገኛለሽ፤ የተዘጋጁ የኮንፊግ ምሳሌዎች ያሉበት። ሪድሚ ዶት ዴቢያን የሚል ፋይል ካየሽ አንብቢው፤ ፕሮግራሙ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ከሌላው በምን እንደሚለይ የሚናገር ነው። መጨረሻቸው ጂዜድ የሆኑትን በዜድሌስ ክፈቻቸው፣ ፈትቶ ያሳይሻል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። አንድ ሰርቪስ አልነሳ ሲልሽ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ትያለሽ አይደል? ከሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዶክስ የሚል መስመር አለ። የትኛውን ማንዋል፣ ከነክፍል ቁጥሩ ማንበብ እንዳለብሽ እዚያው ተጽፏል። ከርቀት ለመግባት የሚያገለግለውን የኤስኤስኤች ሰርቨር ብታዪ ለፕሮግራሙ ስምንተኛውን፣ ለኮንፊግ ፋይሉ አምስተኛውን ይጠቁምሻል። በስታተስ ቦታ ሄልፕ ብለሽ ብትጽፊ ደግሞ ማንዋሉን ራሱ ይከፍትልሻል። ሰርቪስ ወድቆ ሰው ከኋላሽ ቆሞ በሚጠብቅበት ሰዓት ይህች መስመር ብዙ ታድናለች።

«ኢንተርኔቱ አይሻልም ወይ፣ ምሳሌው ብዙ ነው» የሚል ሰው ይገጥምሻል። ምሳሌው ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው መልስ ግን የሌላ ሰው ማሽን መልስ ነው። ጽሑፍ በሚያርመው ሴድ ላይ ሰረዝ አይ ሊኑክስ ላይ ብቻውን ይሠራል። ማክ ላይ ያለው ሴድ ግን ከኋላው የመጠባበቂያ ፋይሉን መለያ ካልሰጠሽው ቀጣዩን ቃል እንደ መለያ ይወስድብሻል። ትዕዛዙ በስም አንድ ነው፣ በሥራ ግን ይለያያል። ሰርቨርሽ ውስጥ ያለው ማንዋል የተጫነልሽን፣ ያንኑ ቨርዥን የሚመለከት ነው። እኔ ኢንተርኔት እያለኝም መጀመሪያ ማንን የምከፍተው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንተርኔት የምገባው ማንዋሉ የሚለው ሳይገባኝ ሲቀር፣ ሰው እንዲያስረዳኝ ነው።

ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ያደክማል፣ አውቃለሁ። ደግነቱ ማንዋል የሚጽፉ ሰዎች ቃል አያበዙም። አንድ ሠላሳ ያህል ቃላት እየተመላለሱ ይመጣሉ። አሥር ማንዋል ከከፈትሽ በኋላ ዓይንሽ ይለምዳቸዋል። ለመጀመሪያ ቀን ማን ኢንትሮ የሚለውን ክፈቺ፤ አንደኛው ክፍል ውስጥ ያለ፣ ለጀማሪ የተጻፈ አጭር ትምህርት ነው። ቀጥሎ ማን ሃየር፤ ኤች፣ አይ፣ ኢ፣ አር። የሊኑክስ ፎልደሮች እያንዳንዳቸው ለምን እንደተፈጠሩ ይዘረዝራል። ከዚያ ማን ማን። ማን ስለ ራሱ የሚናገርበት ነው፤ የክፍሎቹን ቁጥር ዝርዝር የምታገኚው እዚያ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ቀረኝ። አንዳንድ የኡቡንቱ ሰርቨሮች ሆን ተብሎ ቀለል ተደርገው ነው የሚጫኑት፤ ማንዋሎቹና የዶክ ፎልደሩ ይዘት ወጥቶላቸው። ማን ስትይ ሲስተሙ ሚኒማይዝድ ነው የሚል መልእክት ካየሽ ነገሩ ይህ ነው። አንሚኒማይዝ የሚባል መፍትሔ ራሱ ይጠቁምሻል። እሱ ግን የጎደለውን መልሶ ስለሚያወርድ ኢንተርኔት ወይም የውስጥ ሪፖ፣ ማለትም የፕሮግራሞች ማከማቻ ይፈልጋል። አንቺ ታር ስትጠይቂ ጽሑፉ ስለመጣልሽ የአሁኑ ሰርቨርሽ ከዚህ የዳነ ነው። ወደፊት አዲስ ሰርቨር ስታስገቡ ግን ወደ ዝጉ ኔትወርክ ከመግባቱ በፊት ማን ታር ብለሽ ሞክሪው። ከገባ በኋላ ከሆነ ለአንድ መመሪያ ስትይ ፍላሽ ይዘሽ ለመግባት ፈቃድ ስትጠይቂ ትውያለሽ።

አሁን ሰርቨር ክፍል ስትገቢ በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ፦ መጀመሪያ ታይምዴትሲቲኤል፣ ቀጥሎ ማን 5 ክሮንታብ፣ ከዚያ ስክሪፕቱን ጽፈሽ በእጅሽ አስነስተሽ ሞክሪው፣ መጨረሻ ላይ ክሮንታብ -ኢ። ለሙከራ ሰዓቱን ከአሁን አምስት ደቂቃ በኋላ አድርጊውና ፋይሉ መፈጠሩን በዓይንሽ እዪ። የተፈጠረውን ፋይል በታር ሰረዝ ቲኤፍ ክፈቺና ውስጡ ያለውን ዝርዝር ተመልከቺ። ከዚያ ወደ 2 መልሺው፤ ሰርቨሩ ዩቲሲ ላይ ከሆነ ወደ 23። ካልሠራልሽ ታይፕ ታር የሚልሽንና ክሮንታብ -ኤል የሚያሳይሽን ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንዳትቀላቅይ።